እሁድ የዞረው መጋዝ

ባለፈው ሰሞን የውሃ መሳቢያ ሞተራችን ተቃጥሎ የሞተር ሽቦ የሚጠቀልል አንድ ወጣት ዘንድ ይዤው ሄጄ ነበር። ልጁ ክዳኑን ሲከፍተው ያ ሽታ ወጣ፤ የተቃጠለ ቫርኒሽና የቆየ ቅባት ሽታ። «እማማ፣ ይቀመጡ፣ ጊዜ ይወስዳል» አለኝ። ለእኔ ደግሞ መቀመጥ የሚባል ነገር አልተፈጠረልኝም። ከበሩ እስከ መንገዱ፣ ከመንገዱ እስከ በሩ ስንቆራጠጥ አይቶ አይቶ «ምነው እማማ፣ ቤት ምጥ የያዘው ሰው አለ እንዴ?» አለ። ምን ብዬ ልንገረው? ያ ሽታ ሲሸተኝ ዛሬም የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ ዛሬም አጎቴ ሰኞ ሊመጣ ነው።

ጣሊያን ከወጣ ብዙ አልቆየም ነበር። የምንኖረው ጎንደር፣ አውቶ ፓርኮ ሰፈር፣ ድሮ የጣሊያን ጋራዥ በነበረ ግቢ ውስጥ ነው። አባቴ እሸቴ አናጢ ነበር። የዚያን ዓመት በጋ ከሰው ቤት ጣሪያ ላይ ወድቆ ቀኝ ክንዱ ተሰበረ። ወጌሻ አሸው፣ ታሰረ፣ ተፈታ፤ እንደ ድሮው ግን አልሆነም። መዶሻ ይይዛል፣ ሚስማር ይመታል፤ መጋዝ ሲሆን ግን ጥቂት እንደሄደ ክንዱ ይከዳዋል። መጋዝ የማይገፋ አናጢ ደግሞ ምኑን አናጢ ሆነ!

በግቢው ጥግ ጣሊያኖቹ ጥለውት የሄዱ አንድ የመጋዝ ማኪና ቆሟል። ዶሮዎቻችን ያድሩበት ነበር። ቁመቱ ከአባቴ ይበልጣል። ከላይና ከታች ሁለት ትልልቅ የብረት ጎማዎች አሉት፤ ጥርስ ያወጣ ረጅም የብረት ቀበቶ በእነሱ ላይ ይዞራል። ከኋላው ሞተሩ አለ። «እሱ ከዞረልኝ እኮ» ይል ነበር አባቴ፣ «የእኔ ሥራ ሳንቃውን መግፋት ብቻ ነው። ለመግፋት አንድ ደህና እጅ ይበቃኛል።»

ካልዞረስ? ካልዞረማ ገጠር፣ ኮላ ድባ እንገባለን። እዚያ የአባቴ ታላቅ ወንድም አያ ዋሴ መሬት አለው። ጥምቀትን እኛ ጋ ሊያከብር መጥቶ ሳለ ከበር ኋላ ሆኜ ሰማኋቸው። «ከቅበላው በፊት ባለው ሰኞ አጋሰስ ይዤ እመጣለሁ» አለ። «ማኪናህ ሳንቃ ከቆረጠ እሰየው፤ ካልቆረጠ ዕቃህን ጭነህ ትከተለኛለህ።» አባቴም «ቃሌ ነው» አለው። ከዚያ አያ ዋሴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለልጅቱም ሰው አለ። ጾሙ ሳይገባ እንገላገላለን» አለ።

እኔ ሞኟ ሰው ሲል አስተማሪ መስሎኝ! ለሴት ልጅ የሚሆን ትምህርት ቤት እዚያ ስለሌለ ቤት ድረስ መጥቶ የሚያስተምረኝ ሰው አግኝተውልኛል ብዬ እየፈነደቅሁ ለእናቴ ለእናና ነገርኋት። እናና ያበጠረችውን ስንዴ አስቀመጠች። «ባል ነው፣ ልጄ» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምቀመጥበት ሁሉ እሾህ የበቀለበት ይመስለኝ ጀመር። ክፍል ውስጥ አስተማሪው «ይታይሽ፣ አርፈሽ ተቀመጪ» ሲለኝ ይውላል። ቤት ስመጣ ደብተሬን ወርውሬ ወደ ማኪናው እሮጣለሁ፤ ዞረ? አልዞረም።

አባቴ በመጨረሻ አያ ዘለቀን ጠራ። አያ ዘለቀ ከወለቃ ነው። ያኔ ሰው ፈላሻ የሚላቸው፣ ራሳቸውን ቤተ እስራኤል የሚሉ ሰዎች መንደር ናት። በጣሊያን ጊዜ እዚሁ ጋራዥ ሞተር ሲጠቀልል ስለኖረ አባቴ ያውቀዋል። አፉ አያርፍም፣ ጉራው ደግሞ አይጣል ነው። ገና ከበር ሲገባ «የት አለ በሽተኛው?» አለ። «እኔ ሳላይለት እኮ ጣሊያኑ ራሱ ሽቦ አያገናኝም ነበር!»

ሞተሩ ላይ ዓይነቱና ኃይሉ የሚጻፍበት የነሐስ ምልክት ነበረ፤ ግን አንዱ ነቅሎ ወስዶታል። የቀሩት የሚስማሮቹ ቀዳዳዎች ናቸው። አባቴ የሚፈራው ይህንን ነው። ከእኛ የመብራት መስመር ጋር የማይሄድ ቢሆንስ? አያ ዘለቀ የጎኑን ክዳን ፈታና አጎንብሶ አየ። ከውስጥ የሽቦ ጫፎች ተንዘርፍፈው ነበር፤ ጥጥ ሽፋናቸው አርጅቶ ሲነካ ይረግፋል።

«ስሙ ቢጠፋ ምን ገደደን! ራሱ ይነግረናል» አለ። «ስድስት ጫፍ። ሸጋ! ሦስት ጥቅል ነው ማለት ነው። አየሽ አንቺ ልጅ፣ እያንዳንዱ ጥቅል ራስና እግር አለው። ማን የማን ራስ፣ ማን የማን እግር እንደሆነ ካወቅሁ እንደ መስመራችሁ አድርጌ አገናኘዋለሁ። አንዱ ከተገለበጠ ግን ያጉረመርማል፣ ይግላል፣ ከዚያ ይነድዳል። ከነደደ አበቃ።»

ፒንሳ ጠየቀኝና ሮጬ አመጣሁለት። እጄን ስዘረጋ ወደ ኋላ አለ። «መሬት ላይ አስቀምጪው። አትንኪኝ!» አለኝ። በእምነታቸው ከእነሱ ውጭ የሆነን ሰው ከነኩ ሳይታጠቡ ቤታቸው እንደማይገቡ ማን ነግሮኝ! ሰውየው በሽቦ ብዛት ኤሌክትሪክ ገላው ውስጥ የተጠራቀመ መሰለኝ። ወደ ማታ ሲሄድ ተከትዬ አንገረብ ወንዝ ወርዶ ሲታጠብ አየሁት፤ ኤሌክትሪኩን እያወረደ ነው አልሁ። በማግስቱ ለክፍሌ ልጆች በጣቱ ነክቶ አምፖል ያበራል ብዬ ምዬ ተገዝቼ ነገርኋቸው። ግማሾቹ ሊያዩት ግቢያችን በር ድረስ መጡ።

እናቴ ደግሞ በሌላ በኩል ትፈራዋለች። ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ሸክላ የሚሠራ ሰው ዓይኑ ይበላል የሚባል ወሬ ነበር። ዛሬ ሳስበው እናደዳለሁ። የሠሩልንን ማሰሮ ገዝተን ወጥ እየሠራንበት ሰዎቹን እንፈራ ነበር። እናና አያ ዘለቀ በመጣ ቁጥር ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታልፋለች። እኔን «ከሱ ዘንድ አትቁሚ» ትለኛለች። እኔ ግን የት ልሂድ? ማኪናው ያለው እሱ ዘንድ ነው።

ሥራው እንዲህ ነበር። መሃል ያለውን የሚዞረውን ብረት አወጣው። አንዱን የሽቦ ጫፍ ከባትሪ ድንጋይ ጋር፣ ሌላውን ከትንሽ አምፖል ጋር ያነካካል። አምፖሉ ከበራ ሁለቱ ጫፎች የአንድ ጥቅል ናቸው። ካልበራ ወደ ሌላው። ከዚያ ከአንድ የጣሊያን ወታደር ያገኛትን ኮምፓስ ሞተሩ ሆድ ውስጥ ይይዝና ባትሪውን ያስነካል፤ መርፌዋ እንደምትዞርበት አቅጣጫ ራሱንና እግሩን ይለያል። ለምልክት ክር ጠየቀኝ። ከጥልፍ ትምህርቴ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ክር አመጣሁለት። ለአንዱ ጥቅል ቀይ፣ ለአንዱ አረንጓዴ፣ ለአንዱ ሰማያዊ፤ ራስ ከሆነ አንድ ቋጠሮ፣ እግር ከሆነ ሁለት። የተረፈውን ክር እንዳይጠፋብኝ ብዬ አንጓዬ ላይ ጠመጠምሁት።

የረገፈውን ሽፋን ሁሉ በጥጥ ጨርቅ እንደገና እየጠቀለለ፣ ቫርኒሽ እየቀባ፣ በፀሐይ እያደረቀ ሳምንቱ አለቀ። ይሄ መድረቅ የሚሉት ነገር ሊገድለኝ ነበር። በጣቴ ነካ አድርጌ ስሸሽ «ተይው፣ አሻራሽን ሳይሆን ኤሌክትሪክ ነው የምናበላው!» እያለ ይጮህብኛል። ዓርብ ቀን ከሰዓት በፊት ሞተሩን መልሶ ገጠመው። ባለክሮቹ ስድስት ጫፎች ብቻ ውጭ ቀሩ።

«አሁኑኑ ለምን አታገናኘውም?» አልሁት።

«ቫርኒሹ እስከ ነገ አይጠነክርም። ነገ ሰንበቴ ነው። እሁድ የእናንተ። ሰኞ ማለዳ መጥቼ አጎትሽ ጫማውን ሳያወልቅ አገናኘዋለሁ፤ ሥራው እኮ አልቋል» አለኝ። ፀሐይ ሳትጠልቅበት ቤቱ ለመግባት ዕቃውን ሰብስቦ እየተጣደፈ ሄደ። አባቴ እንጨት ሊያይ አዘዞ ወርዶ ነበር። እኔም ወደ ከሰዓት ትምህርቴ ሄድሁ።

ያን ሰሞን እህል አልወርድልኝ ብሎ ነበር። ሌሊት እገላበጣለሁ፣ ቀን እንቆራጠጣለሁ። እናና ደግሞ ይህን ሁሉ ያመጣብኝ የሰውየው ዓይን ነው ብላ ሰንብታለች። የዚያን ዓርብ ጠዋት ፊቴን ስታጥበኝ ደግሞ አንጓዬ ላይ ያለውን ክር አየች። ከሰዓት እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ ጠበል ልትረጭ ወደ ማኪናው ሄደች። እዚያ ስትደርስ ያንኑ ክር ታያለች። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፤ አንድ አንድ ቋጠሮ፣ ሁለት ሁለት ቋጠሮ።

ስመለስ ሞተሩ ላይ ስድስት ራቁት ሽቦ ተንጠልጥሏል።

«እናና! ክሩስ?»

«ፈትቼ አቃጠልሁት! እሰይ! ድግምቱን አከሸፍሁት» አለች። ፊቷ በላብ ወዝቷል። «አንቺም ነይ፣ እጅሽ ላይ ያለውን ልፍታው።»

«በስመ አብ! ምን አረግሽ! ምልክቱ እኮ ነው! ክሩን የሰጠሁት እኔ ነኝ!» ብዬ መሬት ላይ ተዘረርሁ። እያለቀስሁ ስለ ራሱና ስለ እግሩ፣ ስለ አምፖሉ፣ ስለ መርፌዋ ነገርኋት። መጀመሪያ አላመነችኝም። ከዚያ ወደ ሽቦዎቹ ዞረች፤ አንዱን አነሳች፣ ሌላውን አነሳች፣ አንዱም ከአንዱ አይለይም። «ታዲያ ምነው አልነገራችሁኝ?» አለች ቀስ ብላ። «ምነው አልነገራችሁኝ፣ ልጄን የሚያስቀርልኝ መሆኑን?» ያኔ ነው እሷም ለካ ኮላ ድባን እንደ እኔ ትፈራው እንደነበር ያወቅሁት። እሷም በእኔ ዕድሜ ነበር የተዳረችው።

አባቴ ማታ ሲመጣ ነገርነው። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻል ነበር። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የእጅ መጋዙን አወረደና አንድ ሳንቃ አጋድሞ መቁረጥ ጀመረ። ጥቂት ሄደ፣ ክንዱ ተንቀጠቀጠ፣ ቆመ። በግራው ሞከረ፣ መጋዙ ተጣመመ። እንደገና በቀኙ ያዘ። እናቴ «ተው፣ እሸቴ፣ ተው በሞትሁት» እያለች መጋዙን ከእጁ ቀማችው። እኔ ወጥቼ ሄድሁ፤ ማየት አልቻልሁም።

ቅዳሜ የሚባል ቀን እንደዚያ ረዝሞ አያውቅም። አያ ዘለቀ ለሰንበቱ ተቀምጧል፤ ወለቃ ቅርብ ናት፣ ግን ብንሄድም እሳት አይነካ፣ ሥራ አይሠራ። «እኛ እንሞክረው» አልሁት አባቴን። «ካቃጠልነው ሌላ ከየት ይመጣል?» አለኝ። ሰኞ ማለዳ መጥቶ ሁሉንም ከፍቶ እንደገና ቢለየው ቀኑን ሙሉ ይፈጅበታል፤ አያ ዋሴ ደግሞ ከነአጋሰሶቹ በር ላይ ይቆማል፤ አባቴም ቃሉን አያጥፍም። የቀረችው እሁድ ብቻ ናት። በእሁድ ደግሞ ማን ይሠራል!

እሁድ ጎህ ሲቀድ እናና ቀሰቀሰችኝ። ነጭ ለብሳለች፤ ቤተ ክርስቲያን የምንሄድ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን የቤተ ክርስቲያኑን መንገድ ትታ የወለቃን ያዘች። ቅዳሴ ስትቀር አይቻት አላውቅም። መንገዱን ሙሉ እየፈጠነች ስትሄድ እየሮጥሁ ነው የተከተልኋት።

መንደሩ መግቢያ ላይ እንስራ የያዘች ሴትዮ «እዚያው ቁሙ! አትንኩን፣ ታጥበናል!» አለችን። እናቴ ደነገጠች። እሷ እኮ ላለመነካት ተጠንቅቃ ነው የመጣች፤ ሰው እሷን ይሸሻል ብላ በሕልሟም አላሰበች። «እኔን?» አለች ዞር ብላ፣ እንደዚያ ተጨንቄም ሳቄ መጣ። ያኔ ነው የኤሌክትሪኩም ነገር የገባኝ።

አያ ዘለቀ ወጥቶ ከአጥሩ ወዲያ ቆመ፤ እኛ ወዲህ። እናና ነጠላዋን አጣፋችና ጎንበስ አለች። «ክርህን የፈታሁት እኔ ነኝ። ዓይንህ ልጄ ላይ ያረፈ መስሎኝ ነው። አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በለኝ» አለች።

«ፈታሽው? ስድስቱንም?» ብሎ ራሱን ያዘ። «ዓይኔማ አርፎ ነበር፣ ሽቦው ላይ! ሳምንት ሙሉ ያፈጠጥሁበትን! ኧረ እናንተ ሰዎች ምን ይሻላችኋል?» ወዲያ ሄደ፣ ወዲህ መጣ። ስድቡን ሁሉ ቆማ ተቀበለችው። ሲደክመው «ዛሬ ለእኔ የሥራ ቀን ነው። ችግሩ ያንቺ ነው፣ እታለም። እሁድ መሆኑን አትርሺ» አለ።

«የእኔን እኔ አውቃለሁ። አንተ ብቻ ና።»

መጣ። አባቴ ከበሩ ላይ ቆመ። «ሰንበት ነው፣ እጄን አላነሳም» አለ፤ ግን ወደ ቤትም አልገባም። አያ ዘለቀ ሞተሩን እንደገና ከፍቶ ሆዱን ባዶ አደረገው። አምፖሉን የያዘችው እናቴ ናት። መጀመሪያ ስትበራ «ውይ!» ብላ ልትጥላት ነበር፤ በኋላ ግን እሱ ሳይናገር «በራ» «አልበራም» ማለት ጀመረች። ክር ሲል የጥልፉ ክር አልበቃም። እናና የበዓል ነጠላዋን ጥለት ሳብ ሳብ አድርጋ ፈትላ ሰጠችው፤ ቋጠሮውንም ራሷ ቋጠረችው።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አገናኝቶ ጨረሰ። «አሁን መሞከር አለበት» አለ። አባቴ ያን ጊዜ ተናገረ። «የለም። ድምፁ ደብሩ ድረስ ይሰማል። ነገ እንሞክረዋለን።»

«አንድ ጫፍ ተሳስቼ ቢሆንስ? ነገ ወንድምህ ደጅ ቆሞ ልፈታው ነው?»

ወደ ማብሪያው ያየ የለም፤ ሁሉም መሬት መሬት ያያል። እናና ተነስታ የማብሪያውን እጀታ ያዘች። «ኃጢአቱ በእኔ ይሁን» አለችና ወደ ላይ አነሳችው።

ሞተሩ አጉረመረመ። ሞተሩን ከጎማው የሚያያይዘው ቺንጊያ ተወጠረ፣ ጎማው ተንቀሳቀሰ፣ ዞረ! «አጥፊው! ወደ ኋላ ነው!» ብሎ ጮኸ አያ ዘለቀ። እሱ ግን እየሳቀ ከመስመሩ የሚመጡትን ሁለት ሽቦዎች ቦታ አለዋወጠ። «ይሄ ቀላሉ ነው። ድገሚው!» ደገመችው። አሁን ጥርሱ ወደ ታች መሮጥ ጀመረ፤ ግቢው በሙሉ ተንቀጠቀጠ፣ ዶሮዎቹ ተበተኑ። አያ ዘለቀ ራሱ አንድ ሳንቃ ገፋበት፤ ጣውላው እንደ ቅቤ ተከፈለ። አባቴ ከበሩ መጥቶ የተቆረጠውን ጎን በጣቱ ዳሰሰው፣ አሸተተው፣ ፊቱን አዞረ። ጎረቤት ሁሉ አጥር ላይ ነበር። እናቴ እጀታውን እንደያዘች ታለቅሳለች።

ሰኞ አያ ዋሴ ሲመጣ አባቴ ሳንቃ እየገፋ ነው። አጋሰሶቹን እንደያዘ ቆሞ አየ። ሊናገር ሞከረ፣ ማኪናው ድምፁን ዋጠው። አባቴ አጠፋለት።

«ለልጅቱስ ምን ልበላቸው?» አለ አያ ዋሴ።

«ተማሪ ናት በላቸው» አለ አባቴ፤ መልሶ አበራው። እኔ ከእንጨቱ ክምር ኋላ ተደብቄ ነበር። እናና አየችኝና «ምነው ቆመሽ? አልረፈደብሽም?» አለችኝ።

ጾሙ በገባ ሰሞን የነፍስ አባታችን መምሬ ውብነህ ቤታችን መጡ። ወሬው ቀድሞ ደርሷቸዋል። ቅዳሴ ትቶ፣ ሰንበት ሽሮ፣ በገዛ እጅ ማኪና ማስነሳት፤ ስግደት ሰጧት፣ ብዙ ስግደት። እናና አንገቷን ደፍታ ሁሉንም ተቀበለች፣ መስቀል ተሳለመች። ሊነሱ ሲሉ «ልጄ፣ ስግደቱ ያለ ጸጸት አይረዳሽም። ተጸጽተሻል?» አሏት።

እኔ ደብተሬን ይዤ ልወጣ በሩ ላይ ነበርሁ። እናና ቀና ብላ አየችኝ።

«አባቴ» አለች፣ «ስግደቱን ይጨምሩብኝ፤ እሱን ግን አይጠይቁኝ።»